የወረታው የዓለም ሻምፒዮና

ባለፈው ጾም ከደብረ ታቦር መገንጠያ አጠገብ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ ባጃጅ እጠብቅ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ ብቻውን ያበራል። ቀና ብል ሁለት ሰዎች ተያይዘዋል። አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል፤ ወገባቸው በቀበቶ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ከታች ቁምጣ ነው። ቀዩ ሰማያዊውን በአንገትጌው ጨምድዶ ዞር አለና በትከሻው አሳልፎ መሬት አወረደው። ሻዬ እጄ ላይ ፈሰሰ። «ይህን ኮት እኔ ሰፍቼዋለሁ!» ብዬ ጮህሁ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ወጣቶች ዞር ብለው አዩኝ። አንደኛው ፈገግ አለና «አባባ፣ ይኸ እኮ የዓለም ሻምፒዮና ነው፤ ሳምቦ ይሉታል» አለኝ። «ስሙን ታስተምረኛለህ እንዴ? ወረታ ላይ ሲደረግ ዳኛው እኔ ነበርሁ» አልሁት። ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ሽማግሌ ሲቀባጥር እንደሚሳቀው ነው። ባጃጁ መጣና ጨዋታው በዚያው ቀረ። እኔ ግን ቤቴ ደርሼም ከዚያ ዘመን አልተመለስሁም።

ሃምሳዎቹ አልቀው ስድሳዎቹ ሊገቡ፣ ወይም ገብተው ይሆናል፤ ዓመቱን እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። ዛሬ የጭነት መኪናና ባጃጅ የሚጋፋበት መገንጠያ ያኔ ከብት ይተኛበት ነበር። ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ ሲቆም ሥራ ያለውም የሌለውም ወጥቶ ማን እንደወረደ ያያል። ሩዝ የሚባል ነገር በሜዳው አልነበረም። የዛሬ ልጆች ፎገራን ያለ ሩዝ ማሰብ አይችሉም፤ የመፈልፈያው ጩኸት ከጧት እስከ ማታ ጆሯቸው ውስጥ ነው። ያኔ ክረምት ርብ ሞልቶ ሲወጣ እስከ ጣና ድረስ ውኃ ብቻ ይታያል፤ ውኃው ሲሸሽ በእርጥበቱ ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ሳሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ዝንጉርጉሩ የፎገራ ከብት ሆዱ ሳር ውስጥ ተቀብሮ ቀንዱና ጀርባው ብቻ ይንሳፈፋል። ኑጉ ሲያብብማ ከመገንጠያው ቆሞ ወደ ሐይቁ ለሚያይ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ይውላል።

የስፌት መኪናዬ ያለችው ሳልህ የሚባል የየመን ሰው ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ሳልህ ከልጅነቱ እዚሁ ያደገ ነው፤ አማርኛው ከእኛ ይልቅ የጎንደር ነው። ሱቁ ስኳር፣ ጋዝ፣ ምስማር፣ የፀጉር ቅባት፣ የልብስ ቀለም፣ አቡጀዲ፣ ሁሉን ይይዛል። ያን ዘመን በአሥር ሳንቲም ሻይ ከነፓስቲው ይጠጣ ነበር፤ በሽልንግ ዶሮ ተይዞ ይኬዳል። ገበሬው ካኪ ቁምጣና ኮት ያሰፋል፤ ሴቶቹ ለጥምቀት አበባ ያለው ሳቲን፤ ደመወዝተኛው ደግሞ ከጭኑ ጠቦ ከታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ደወል ሱሪ የሰፋሁለት የትምህርት ቤት መምህር ገበያ መሐል ሲያልፍ ሴቶች ተከትለው ሲስቁበት ትዝ ይለኛል፤ በዓመቱ የሳቂዎቹ ባሎች ሁሉ ያንኑ አሰፉ። ማታ ማታ ሳልህ ሬዲዮኑን በረንዳው ላይ ያወጣዋል። ባትሪው ከሬዲዮኑ ይበልጣል። ዘፈን ሲመጣ መንገደኛው አህያውን ያቆማል፤ እኔም ፔዳሌን ከዘፈኑ ጋር እረግጣለሁ፤ አንዳንዱ ኮት በዘፈን ምክንያት ጠማማ ሆኖ ተሰፍቷል።

ትግል በፎገራ ወቅት ነበረው። እህሉ ከአውድማ ሲነሳና ሜዳው ሲደርቅ ይጀመራል፤ ጥምቀት ላይ ይጦፋል። የቆላው ከደጋው፣ ሐሙሲት ከወረታ፣ አጥቢያ ከአጥቢያ ይገጥማል። በእኛ ወገን ከሜዳው ልጆች ደምሌን የሚጥል አልነበረም። ደምሌ የአያ መርሻ ልጅ ነው፤ አባቱ ብዙ ከብት ያላቸው፣ በሰንበቴም በሽምግልናም የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ልጁ ረዥም አይደለም፤ ግን አንገቱና ትከሻው አንድ ላይ የተቀረጸ ይመስላል። ሲስቅ ድምፅ የለውም። ተቃዋሚውን ካነሳው በኋላ ወርውሮ አይጥለውም፤ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ ያስተኛዋል። ሴቶቹ ይህን ስለወደዱለት እንዲህ ብለው ዘፈኑለት፦

ሜዳ ያደገ ወይፈን ማገር አይዘው፣
እንኳን አንድ ጎበዝ መንደር አይጥለው።

ሌላም ሰው ነበረ፤ ለእሱ ግን ማንም አልዘፈነለትም። ታፈረ ይባላል፤ ቀጥቃጭ ነው። ከከተማው ወጣ ብለው በርብ ዳር ከሚኖሩት የእጅ ሠራተኞች ወገን ነው። የሜዳው ማረሻና ማጭድ ሁሉ በእሱና በወንድሞቹ እጅ ያልፋል፤ ግን ገበሬው ዋጋውን ሲከፍል በእጁ አይሰጠውም፤ ድንጋይ ላይ አኑሮለት ይሄዳል። ዓይኑን ይፈሩታል። ቤቱ ውኃ አይጠጡም። በጥምቀት ትግል አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም፤ ሊገባ ቢልም የሚይዘው የለም። እኔና አባቴም ከዚህ ሩቅ አልነበርንም። አባቴ ሸማኔ ነው፤ የሠራውን ጋቢ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች ለማዕድ አይጠሩትም ነበር። ስለዚህ ከታፈረ ጋር እንጨዋወታለን። ከሥራ በኋላ ርብ ዳር አሸዋው ላይ ከወንድሞቹ ጋር ሲታገል ብዙ ጊዜ አይቸዋለሁ። ቀጭንና ረዥም ነበር፤ ክንዱ ግን ከመዶሻው ጋር የተወለደ ነው። እጁ አንድ ጊዜ ከያዘ፣ የሚለቀው እሱ ሲፈልግ ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን የመንገድ ሥራ ካምፕ ከወረታ በላይ ድንኳኑን ተከለ። ከነጮቹ መካከል አንድ የቡልጋሪያ ቀያሽ ነበር፤ ስሙ ስቶያን ነው። አገሩ ግን ቶሎ «ስጦታው» አለውና እሱም በዚሁ አቤት ማለት ጀመረ። አፍንጫው አንድ ጊዜ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ የዳነ፣ ጉልበቱን ትንሽ የሚያመው፣ ሳቂታ ሰው ነው። አንድ ቀን በብብቱ የተጠቀለለ ነገር ይዞ በረንዳው ላይ መጣ።

«አየለ፣ ይሄ ኩርትካ ሞተ። አንተ ሐኪም» አለኝ።

ዘረጋሁት። እንዲህ ያለ ልብስ አይቼ አላውቅም ነበር። ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ትከሻው ላይ ድርብ ነው፤ ጎንና ጎኑ ላይ ቀበቶው የሚሾልክበት ቀዳዳ አለው። አንገትጌው ተቀዶ ተንጠልጥሏል። «ይህን ምን ቀደደው?» አልሁት። «ሞንጎል» አለኝና ሳቀ። ከዚያ ተቀመጠና ነገረኝ፤ አማርኛ ሲያልቅበት በእጁ፣ እጁ ሲያልቅበት እኔን ከወንበሬ አስነስቶ በኮቴ እየያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስኮብ፣ በሩሲያ አገር ልዩ ልዩ ሕዝብ አለ፤ ሁሉም የየራሱ የገጠር ትግል አለው። ኮት ለብሶ የሚታገል አለ፤ መቀነት ይዞ የሚታገል አለ፤ እግር የሚጠልፍ አለ። ያን ሁሉ ከጃፓኖቹም ከተማሩት ጋር ሰብስበው አንድ ሥርዓት አበጁለት፤ ስሙንም ሳምቦ አሉት። መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ብቻ ነበር የሚገጥሙት። ብዙ ዓመት እንዲሁ ኖሩ። ኋላ ጎረቤት አገሮች ኮቱን ለበሱ፤ ቡልጋሪያም ለበሰች። ጃፓኖቹ መጡ፤ ሞንጎሎቹ መጡ፤ አገር ከአገር መግጠም ተጀመረ። ስቶያን በአንዱ ላይ ለአገሩ ወጥቶ ነበር። አንዱን ጣለ፤ ከዚያ አጭሩ ሞንጎል በአንገትጌው ይዞ ሰማይና ምድሩን አገላበጠበት። «እኔ ጀርባ ላይ ተኛሁ። እሱ ቆመ፤ እጅ ሰጠኝ፤ አነሳኝ። በጣም ቆንጆ ጣለኝ፣ አየለ! በጣም ቆንጆ!» ይላል። የጣለውን ሰው እንዲህ አድርጎ የሚያመሰግን ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ደምሌ የጣላቸው ሁሉ «መሬቱ አዳልጦኝ ነው» ይሉ ነበርና።

ስቶያን በጥምቀት ደምሌ ሲታገል አይቶ ነበር። ርብ ዳር የዕንጨት ምልክቱን ሲተክል ደግሞ ታፈረን አሸዋው ላይ አየው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። ካምፑ ውስጥ ዑስማን የሚባል የሱዳን ሾፌር አለ፤ ትከሻው በመኪናው በር በግድ ነው የሚያልፍ። ሳልህ የመን ነው። እሱ ራሱ ቡልጋሪያ ነው። «ሦስት አገር፣ ኢትዮጵያ አራት። ሻምፒዮና ነው! ዓለም ነው!» አለ ጠረጴዛዬን እየመታ። ሳልህም በደስታ ስሙን አስመዘገበ፤ በኋላ ዑስማን ልብሱን አውልቆ ሲታጠብ አየውና የየመንን መንግሥት በሰላም አስወጣ። ሦስት አገር ቀረን። ኢትዮጵያ እንግዳ ተቀባይ ስለሆነች ሁለት ሰው ታቀርባለች ተባለ፤ ደምሌና ታፈረ።

ሁለት ኩርትካ አዘዘኝ። ጨርቁን አባቴ ሠራው፤ ቡልኮ ነው፣ ግን ከቡልኮ የጠበቀ፣ ድርና ማጉ ተደጋግሞ የተመታ። አባቴ ያን ጨርቅ ሲሠራ እንደዚያ ተጠንቅቆ አይቸው አላውቅም። «ሰው ሰውን ይዞ የሚያነሳበት ጨርቅ ነው፤ ቢቀደድ እኔ ነኝ የምዋረደው» ይለኝ ነበር። ከሳልህ ሱቅ የዱቄት ቀለም ገዝተን አንዱን ቀይ፣ አንዱን ሰማያዊ ነከርነው። የመኪናዬ መርፌ ትከሻው ላይ ሲደርስ ይሰበራል፤ በወስፌና በሰም በተቀባ ክር በእጄ ጨረስሁት። ስቶያን በየቀኑ እየመጣ ይለካል፤ ሲለካም ሕጉን ያስተምረኛል፦ መያዝ የሚቻለው ኮቱን፣ ቀበቶውን፣ ወገብንና እግርን ነው፤ መምታት የለም፤ ተቃዋሚውን በጀርባው ጥሎ ራሱ በእግሩ ቆሞ የቀረ ሰው ያን ጊዜውኑ አሸነፈ፤ ሌላ ነገር አይቆጠርም። ኮቱ ሲያልቅ ፊሽካ አንገቴ ላይ አሰረና «ዳኛ አንተ» አለኝ። «ሕጉን ታውቃለህ። ገበሬ አይደለህም፤ ቀጥቃጭ አይደለህም፤ ፈረንጅ አይደለህም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ያልሆንኋቸው ነገሮች ሲጠቅሙኝ አየሁ። ለአሸናፊው የሚሰጠውን ሜዳሊያ ከአሮጌ የጥይት ቀለህ ያቀለጠው ደግሞ ራሱ ታፈረ ነበር። ስቶያን ሲያዘው ታፈረ ገና ትግል ውስጥ እንዳለ አልተነገረውም ነበር፤ ሜዳሊያውን ሲያስረክብ ነው የሰማው። «ለደምሌ ነው ብዬ እኮ ነው አሳምሬ የሠራሁት» አለኝ፤ እጁን በሽርጡ እየጠራረገ።

ነገሩ ከሜዳው ሰው ጆሮ ሲደርስ አያ መርሻ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በረንዳዬ ላይ መጡ። ተነስቼ ወንበሬን ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«አንተ ሰፊው፣ ይኸ ፈረንጅ የአገር ደንብ አያውቅም። አንተ ታውቃለህ» አሉኝ።

«አያ፣ ውድድሩ የእሱ ነው። እኔ ኮት ሰፊ ነኝ።»

«ንገረው እንግዲህ። ጠይብ በገባበት ልጀ አይገባም። የእሱን እጅ ልጀ አንገት ላይ አላይም።»

ስቶያን ከሱቁ ውስጥ ሆኖ ይሰማ ኖሯል፤ ወጣና በአክብሮት እጅ ነሣቸው። «አባት፣ ታፈረ የለም፣ ሻምፒዮና የለም። እኔ ካምፕ ሄጄ እተኛለሁ» አላቸው። አያ መርሻ እሱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ነገር ብትዳኝ፣ የፎገራ ገበሬ ጨርቁን ይዞ ወደዚህ በረንዳ እንዳይመጣ አደርጋለሁ። ሰምተሃል?» ሰምቻለሁ። ከበረንዳው ውጭ ሌላ መኖሪያ አልነበረኝም። ማታ ለአባቴ ነገርሁት። አባቴ ከመወርወሪያው ቀና ሳይል «ጨርቁ እንደሆነ አልቋል» አለኝ። ለመዳኘት እሱ በቃኝ።

የውድድሩ ቀን የገበያ ማግስት ነው። ከከተማው በታች ካለ አንድ ሰፊ አውድማ ላይ ጭድ በወፍራሙ ተነጥፎ የካምፑ ሸራ ተወጠረበት። ያን ያህል ሕዝብ ከጥምቀት በቀር አይቼ አላውቅም። የሜዳው ገበሬ በአንድ ወገን ዱላውን ተደግፎ ቆሟል፤ የእጅ ሠራተኞቹ ማዶ ለብቻቸው ተሰብስበዋል፤ በመካከሉ የካምፑ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ ከአውቶቡስ ወርደው ጉዟቸውን የረሱ መንገደኞች። ሳልህ ሬዲዮኑን በርሜል ላይ አስቀምጧል። ደምሌ መጥቷል። አባቱ እንዳይገባ ቢከለክሉትም መጥቶ ከወገኖቹ ፊት ተቀምጧል፤ ይግባ አይግባ ግን ማንም አያውቅም።

መጀመሪያ ታፈረና ዑስማን ገጠሙ። ዑስማን ቀዩን፣ ታፈረ ሰማያዊውን ለበሱ። ታፈረ ወደ ሸራው ሲወጣ ሕዝቡ ጸጥ አለ፤ የጭዱ መንኮሻኮሽ እንኳን ይሰማ ነበር። ዑስማን ግን የአገሩን ደንብ ከየት ያውቃል፤ እየሳቀ መጥቶ እቅፍ አደረገው። እንደ በሬ ገፋው። ታፈረ ኋላ ኋላ እየተራመደ ሄደ፣ ሄደና ድንገት እጥፍ አለ። ያ ሁሉ ትከሻ በላዩ አልፎ ሸራው ላይ አረፈ። ታፈረ በእግሩ ቆሟል። ፊሽካዬን ነፋሁ። ማዶ ያሉት ሴቶች እልል አሉ፤ ከዚህኛው ወገን ድምፅ የለም። ዑስማን ተቀምጦ ራሱን እያሻሸ «ወላሂ፣ መኪና ነው የገጨኝ» አለ። ቀዩ ቀለም ከላቡ ጋር ወርዶ ነጭ ቁምጣውን እንደ በርበሬ አድርጎት ነበር፤ ያየ ሁሉ ሳቀ፤ ጭንቀቱን ያቀለለልን ያ ሳቅ ነው።

ከዚያ የደምሌና የስቶያን ተራ ደረሰ። ስቶያን ቀዩን አንስቶ ለበሰ። የቀረው ሰማያዊው ነው። ታፈረ አውልቆ ሸራው ጠርዝ ላይ አስቀምጦታል፤ በላብ ርሷል፤ ከጫፉ ይንጠባጠባል። ይህን አስቀድመን አላሰብነውም። የስቶያን አሮጌ ኩርትካ ከእንግዲህ ለትግል ስለማይሆን ሁለት ኮት ብቻ ነው ያለን፤ ሰማያዊው ደግሞ አሁን የቀጥቃጩ ላብ ነው። የሜዳው ሰው ሁሉ ያን ኮት ያያል። አያ መርሻ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉና «ደምሌ፣ ተነስና ወደ ቤት እንሂድ» አሉ።

ደምሌ ተነሳ። ወደ አባቱ ሳይሆን ወደ ኮቱ ሄደ። አነሳው። ለጥቂት ጊዜ በሁለት እጁ ይዞት ቆመ፤ ዛሬም ድረስ ያን ቁመናውን አልረሳውም። ከዚያ አንድ እጁን፣ ቀጥሎ ሌላውን አስገባና ቀበቶውን አጠበቀ። እርጥቡ ጨርቅ ደረቱ ላይ ሲለጠፍ ብርዱ ሰቅጠጥ ሲያደርገው አየሁ። ወደ ታፈረ ዞር ብሎ «አቀዝቅዘህልኛል» አለው፤ ያን ድምፅ የሌለውን ሳቁን ሳቀ። ታፈረ መሬት መሬት አየ። ከእጅ ሠራተኞቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ሸማቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

የስቶያንና የደምሌ ትግል ትግል ነበረ። ስቶያን ያን የተማረውን ጥበብ ሁሉ አወጣ፤ ደምሌን ሁለቴ በጎኑ ጣለው፤ ደምሌ ግን ጀርባው መሬት ሳይነካ እንደ ድመት ይገለበጣል። በመጨረሻ ደምሌ እንደሚያውቀው አደረገ፦ ወገቡን አቀፈ፣ አነሳ፣ በዚያ በለመደው ገርነት ሸራው ላይ አስተኛው። ሕዝቡ አበደ። ስቶያን ከተኛበት «ቆንጆ! በጣም ቆንጆ!» እያለ ተነስቶ ጉንጩን ሳመው። ሴቶቹ የወይፈኑን ዘፈን አነሱ። አያ መርሻ አልሄዱም ነበር።

ለመጨረሻው ግጥሚያ ታፈረ ቀዩን ለበሰ። ሁለቱ ሲያያዙ በፎገራ ምድር ከዚያ በፊት ያልሆነ ነገር ሆነ፤ የገበሬ ልጅ እጅ በቀጥቃጭ ልጅ አንገት፣ የቀጥቃጭ ልጅ እጅ በገበሬ ልጅ ወገብ። በጣም ቆዩ። የእነሱ ትንፋሽና የጨርቁ ሲጥሲጥታ ብቻ ነው የሚሰማ፤ እኔ በጎን ሆኜ የአባቴን ጨርቅ ስፌት ስፌቱን አያለሁ። ደምሌ ሊያነሳው ሞከረ፤ ታፈረ አልተነቀለም። ደምሌ እንደገና ሲሞክር ታፈረ ክብደቱን ተከትሎ ገባ፤ ያ እጅ አንገትጌውን ያዘ፤ ደምሌ በአየር ላይ አንድ ጊዜ ዞረና በጀርባው ወደቀ። ታፈረ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር። አይቻለሁ። ከእኔ ይልቅ ቀርቦ ያየ የለም።

ፊሽካውን ነፋሁ። ወዲያው ከሜዳው ወገን «አዳለጠው! ሸራው አዳለጠው!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ዱላዎች ከፍ ከፍ አሉ። አያ መርሻ ሸራው ላይ ወጡና ፊቴ ቆሙ።

«አንተ ሰፊው፣ ልጀ ተንሸራተተ እንጂ አልወደቀም። እውነቱን ተናገር!»

ፊሽካውን ከአፌ አወጣሁ። «አያ መርሻ፣ ወድቋል» አልኋቸው። «የጣለው ቆሟል። ሕጉ ይኸው ነው።»

የሚቀጥለውን ነገር እግዜር ያውቃል ብዬ ስጠብቅ ደምሌ ከወደቀበት ቀና አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ያኔ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። «አባየ፣ አልተንሸራተትሁም። አነሳኝ፤ ጣለኝም። በደንብ ነው የጣለኝ» አለ። እጁን ወደ ታፈረ ዘረጋ። ታፈረ ግራ ገብቶት ቆመ፤ ከዚያ በፊት የዘረጋለት ሰው አልነበረምና። ደምሌ ራሱ ጎትቶ ያዘውና ተነሳ፤ የያዘውንም እጅ እንደያዘ ወደ ላይ አነሳው። የዳኛውን ሥራ እሱ ሠራው፤ ለእኔ የቀረኝ በሌላው በኩል ቆሜ ማጨብጨብ ነበር። ጩኸቱ በረደ። መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነች አላወቅሁም፣ እልል አለች። ዱላዎቹም ቀስ በቀስ ወረዱ። ስቶያን ሜዳሊያውን ታፈረ አንገት ላይ አጠለቀለት፤ ታፈረም ገልበጥ አድርጎ የገዛ ሥራውን መረመረና «ጠርዙን ትንሽ ብሞርደው ይሻል ነበር» አለ።

አገር በአንድ ቀን ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። አያ መርሻ ልጃቸውን በጋውን ሙሉ አላናገሩትም። እንዳሉትም ለብዙ ወራት ገበሬ በረንዳዬ ላይ አልመጣም፤ የካምፑን ቱታ እየጠገንሁ ኖርሁ። በኋላ ጥምቀት ሲቀርብ አንዲት እናት ለልጇ ቁምጣ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ሴቶች ቂም ከልብስ ጋር አያስኬዱም። ደምሌ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማረሻውን ራሱ ይዞ ታፈረ ዘንድ ይሄዳል፤ ዋጋውን በእጁ ይሰጠዋል፤ በቅል የቀረበለትን ውኃ ይጠጣል። እሱ ጠጥቶ ሳይሞት ሲያዩት ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ ተከተሉ። ሁሉም አይደለም።

ስቶያን ታፈረን ወደ እውነተኛው ውድድር እወስደዋለሁ ይል ነበር። ለአገሩ ሰዎች ጻፈ። መልስ ሳይመጣ ካምፑ ተነቅሎ ወደ ሌላ ሄደ፤ ከዚያም ያ የምታውቁት አብዮት መጣና ሰው ሁሉ ሌላ ትግል ውስጥ ገባ። ስቶያን አሮጌውን ኩርትካውን ለእኔ ትቶልኝ ሄዶ ነበር፤ አንድ ክረምት ውኃ ቤታችን ሲገባ ከብዙ ነገር ጋር ወሰደው። ስለ ውድድሩ የምንሰማው እንግዲህ በወሬ ወሬ ብቻ ሆነ፦ የዓለም ሻምፒዮና በየአገሩ እየዞረ እንደሚደረግ፣ አገሮች እንደበዙ፣ ሴቶችም እንደገቡበት። አንድ ጊዜ ታፈረን «ሳትሄድ መቅረትህ አይቆጭህም?» ብዬ ጠየቅሁት። መዶሻውን አስቀመጠና አሰበ። «አየለ፣ ሱዳንን ጥያለሁ። ቡልጋሪያን የጣለውንም ጥያለሁ። የመን ፈርታ ወጣች። ከዚህ ወዲያ ስንት ዓለም አለ?» አለኝ።

ታፈረ ያረፈው ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። ለዕድርተኛው ተነግሮ ሰው ተሰበሰበ፤ የርብ ዳሩም፣ የከተማውም፣ ከሜዳውም ጥቂት። ሬሳው ሲወጣ ደምሌ ከሕዝቡ መሐል ወጣና የቃሬዛውን ፊት ያዘ። ያኔ እሱም ሽማግሌ ነው፤ ጀርባው ጎብጧል፤ ከዘራውን ለእኔ አቀበለኝ። ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መንገዱ አቀበት አለው፤ ፀሐዩም ጠንክሮ ነበር። ወጣቶቹ በየዕረፍቱ እየተቀያየሩ ያዙ። ደምሌ አልተቀየረም። አንዱ ጎረምሳ አዝኖለት ቀረበና «አባባ፣ ደከሙ እኮ፤ ለእኔ ይስጡኝ» አለው።

ደምሌ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ተወኝ ልጀ» አለው። «አልከበደኝም።»

እስከ መቃብሩ ድረስ ይዞት ሄደ።